መስከረም 1888፦ እኛ ክተት ስንል የማዳጋስካር ንግሥት ነጭ ጨርቅ ሰቀለች

ዋርካ_ስር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለቤቱ። ሌላ ነገር ሳነብ ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን መጡብኝና ብቻዬን መያዝ አቃተኝ። እዚህ ላፍስሰው።

መስከረም 1888 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ያስነገሩበት ወር ነው። በዚያው ወር፣ መስከረም 20 ቀን (በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1895)፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የፈረንሳይ መድፍ የማዳጋስካርን ዋና ከተማ አንታናናሪቮን ይደበድብ ነበር። ጥይቱ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ማረፍ ሲጀምር ንግሥቲቱ ነጭ ጨርቅ አሰቀለች። አምስት ወር ቆይቶ ዓድዋ ሆነ።

ንግሥቲቱ ራናቫሎና 3ኛ ትባላለች። የልጅነት ስሟ ራዛፊንድራሄቲ ነው፤ የተወለደችው ኖቬምበር 22 ቀን 1861 (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። የለንደን ሚስዮን ያስተማራት፣ ፕሮቴስታንት ሆና የተጠመቀች ልዕልት ናት። ባሏ በ1883 ሞተ። ሁለት ወር አለፍ ሲል ደግሞ ንግሥት ራናቫሎና 2ኛ ሞተችና ሐዘኗን ያልጨረሰች ወጣት ተጠርታ ዙፋን ላይ ወጣች። የዘውድ በዓሏ 22 ዓመት በሞላት ቀን ተከበረ።

ከዙፋኑ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ባልም ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራይኒላያሪቮኒ ከሷ በፊት የነበሩትን ሁለት ንግሥታት፣ ራሶሄሪናንና ራናቫሎና 2ኛን፣ ተራ በተራ ያገባ ሰው ነው። ሦስተኛዋ እሷ ሆነች። እሱ 55፣ እሷ 22። ከ1864 ጀምሮ አገሩን የያዘው እሱ ነው። የመጀመሪያ ባሏን ያስመረዘው እሱ ነው የሚል ሐሜት በጊዜው ነበር። ሐሜት ነውና እዚያው ይቅር።

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ እኛ እንዴት ተረፍን፣ እነሱስ እንዴት ሄዱ? «ጀግና ስለሆንን» የሚል መልስ የያዘ ሰው መጀመሪያ ቡናውን ጠጥቶ ይምጣ።

ነፋስ_ስልክ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58

ቡናዬን ሦስተኛውን ጠጥቼ መጣሁ። ጀግና ስለሆንን ነው።

ጨው_በረንዳ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ይህ ልጅ አይለወጥም።

ዋርካ፣ አንድ የሚያስቅም የሚያናድድም ነገር ልጨምርልህ። ምኒልክ ጠመንጃ ከየት ከየት ነበር የሚያስመጡት? አንዱ ትልቁ በር ኦቦክና ጅቡቲ ነው። የማን ወደብ? የፈረንሳይ። ያቺው ፈረንሳይ ለኛ ጠመንጃ ስታሳልፍ እዚያ ታች ቤተ መንግሥት ትደበድባለች። የወደደችን መስሎህ እንዳይሆን፤ ጣልያን ቀይ ባሕር ላይ እንዳትገዝፍባት ነው።

ማዳጋስካርን ግን ይዞ የሚከራከርላት አልነበረም። እንግሊዝ ብዙ ዘመን ወዳጅ ነበረች፤ ሚስዮኑም፣ የጦር አሠልጣኙም ከሷ ይመጣ ነበር። በ1890 ከፈረንሳይ ጋር ተዋዋለች፦ አንቺ ዛንዚባርን ለኔ ተይልኝ፣ እኔ ማዳጋስካርን ላንቺ። ደሴት በደሴት። ከሁለቱ ደሴቶች አንድም ሰው አልተጠየቀም።

ሙስካት_ነኝ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡21

ዛንዚባር ከተነሳ፣ የመጨረሻው ሱልጣን ጃምሺድ እዚህ ኦማን ነው በ2024 መጨረሻ ያረፈው። ከ1964ቱ አብዮት ሸሽቶ እንግሊዝ አገር ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖረ። የሱን ሌላ ጊዜ ለብቻው እከፍታለሁ፤ ቀጥሉ።

የድሮ_መምህር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ልጄ ዋርካ፣ ከመድፉ አትነሳ። ከወረቀቱ ተነሳ።

እኛ የውጫሌ ውል አለን። ሚያዝያ 1881 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ሜይ 1889)። አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። እነሱም የራሳቸው ውጫሌ አላቸው፤ ከኛ በሦስት ዓመት ተኩል ይቀድማል። በ1883 የፈረንሳይ መርከቦች ማጁንጋና ታማታቭ የሚባሉትን ወደቦች ደብድበው ያዙ። ንግሥቲቱ የነገሡት ጦርነቱ ተጀምሮ ነው፤ ሰላም ያለበት ዙፋን አልወረሱም። ዲሴምበር 17 ቀን 1885 ውል ተፈረመ። ውሉን ከላይ እስከ ታች ብታነበው «ሞግዚት» የሚል ቃል አታገኝበትም። የሚለው ፈረንሳይ ማዳጋስካርን በውጭ ጉዳይ ሁሉ ትወክላለች ነው። 10 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ ይከፈላል፤ የዲዬጎ ሱዋሬዝ የባሕር ሰላጤ ለፈረንሳይ ይሰጣል፤ አንድ የፈረንሳይ ሹም ዋና ከተማው ይቀመጣል።

ራይኒላያሪቮኒ ተላላ አልነበሩም። ውሉ ከመጽደቁ በፊት «ይህ ቃል እስከምን ድረስ ነው?» ብለው ከፈረንሳይ ተደራዳሪዎች የማብራሪያ ደብዳቤ አስጻፉ። ደብዳቤው ውሉን የሚያጠብ ነበር። ፓሪስ ግን ደብዳቤውን አላውቀውም አለች። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ሙሉ ሁለቱ ወገኖች ሁለት የተለያየ ውል ይዘው ነው የተከራከሩት። የሌላ አገር ቆንስል ሲመጣ የሹመት ወረቀቱን ማን ይቀበል በሚለው ላይ እንኳ በየጊዜው ይጣሉ ነበር።

አሁን ልዩነቱን ተመልከት። ምኒልክ ውሉን አፈረስኩ ሲሉ ከጣልያን የተበደሩትንም መልሰው ከፈሉ። ማዳጋስካር ግን ያንን ካሣ ለመክፈል ከፓሪስ ባንክ 15 ሚሊዮን ፍራንክ ተበደረች። መያዣው የወደቦቿ ጉምሩክ ነበር። ንግሥቲቱ ዙፋን ላይ ናቸው፣ ጉምሩኩ ግን ላበዳሪው ይሠራል።

ነፋስ_ስልክ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

መምህር፣ እርስዎ «ናቸው» ይላሉ፣ ዋርካ «ናት» ይላል። ንግሥቲቱን በስንት እንጥራት?

የድሮ_መምህር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡14

አንተ እንደ ወደድክ። እኔ ዘውድ የጫነ ሰው አንቺ ብዬ አላውቅም።

ጠጅ_ሳር
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ታሪክ አዋቂ አይደለሁም፤ ግን የማዳጋስካር ሰው አውቃለሁ።

ቤይሩት ስሠራ ከኔ በታች ባለው ፎቅ የማዳጋስካር ልጅ ነበረች። በረንዳ ላይ ልብስ ስናሰጣ ተዋወቅን። የምንግባባው በተሰባበረ ዐረብኛ ነው፤ የኔም የሷም እኩል የተሰባበረ ስለነበር እንግባባ ነበር። አንድ የገና ቀን ነጠላዬን ለብሼ ስወርድ አየችኝና «ላምባ!» ብላ ጮኸች። ለካ እነሱም ትከሻ ላይ የሚጣል እንደኛ ነጠላ ያለ ነገር አላቸው፤ ላምባ ይሉታል። ለሠርግም፣ ለሐዘንም ይለብሱታል። ሬሳም የሚገነዘው በሱ ነው።

ስለ ራናቫሎና ዛሬ አይደለም የሰማሁት፤ ያኔ ጠይቄአት ነበር። ንግሥት ነበረቻችሁ አይደል ስላት ፊቷን አዙራ «እሷ የሜሪናዎች ናት፣ የኛ አይደለችም» አለችኝ። የሷ አገር በምዕራብ ባሕር ዳር፣ ሞሮንዳቫ ነው። እኔ ደግሞ የመላው አገር ንግሥት መስላኝ አፈርኩ።

ዋርካ_ስር
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡05

እህቴ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የክሩን ርዕስ አፈረስሽብኝ። ደስ ይላል።

የድሮ_መምህር
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡47

ጓደኛሽ እውነቷን ነው። የሜሪና መንግሥት ማዕከሉ ደጋው ነው። ከንጉሥ አንድሪያናምፖይኒሜሪና ዘመን ጀምሮ እየሰፋ ብዙውን የደሴቱን ክፍል ያዘ እንጂ ሁሉንም አልገዛም። በደቡብና በምዕራብ ያልገበሩ ነበሩ፤ የገበሩትም ወደው አልነበረም። እንግዲህ ዱሼን የተባለው የፈረንሳይ ጄኔራል በ1895 ማጁንጋ ሲወርድ የረገጠው የሳካላቫን፣ የምዕራቡን ባሕር ዳር ሕዝብ፣ አገር ነው። ከወደቡ እስከ ደጋው ባለው መንገድ «ንግሥቴ ተነካች» ብሎ ቤቱን ዘግቶ የሚዘምት ሰው ይገኛል ብለህ ታስባለህ?

ቀበና_ማዶ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡20

ማንም ሊናገረው ያልፈለገውን ልናገር። ባሪያስ? የሜሪና ቤቶች በባሪያ የተሞሉ ነበሩ። ነፃ የሆነው ሰውም ፋኖምፖዋና የሚሉት የግዴታ ሥራ ነበረበት፦ ለመንግሥት ያለ ክፍያ መንገድ መጥረግ፣ ዕቃ መሸከም፣ ወርቅ ማጠብ። ያ የ15 ሚሊዮን ዕዳ የተከፈለው በማን ጉልበት ይመስላችኋል? ለንግሥቲቱ ከማልቀሳችን በፊት እሱን እንይ። ወታደሩም የሚሄደው በዚሁ ግዴታ ነው፤ ያውም ስንቁን ራሱ ችሎ። ጥሩ ጥሩ ጠመንጃ ነበራቸው፤ ተኳሹ ግን ልቡ ቤቱ ነበር።

እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም፤ ይህን ለማለት ዓድዋን ማሳነስ አያስፈልግም።

ጨው_በረንዳ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡01

ልክ ነህ። ባርነት በማዳጋስካር በአዋጅ የቀረውም ፈረንሳይ ከያዘችው በኋላ በሴፕቴምበር 1896 ነው። ወዲያው ደግሞ ቅኝ ገዢው የራሱን የግዴታ ሥራ አመጣ። ሸክሙ ባለቤቱን ቀየረ እንጂ ከትከሻ አልወረደም።

ስለ ጦሩ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ የቆየ አባባል አላቸው፤ ለንጉሣቸው ለቀዳማዊ ራዳማ የሚሰጥ፦ አገሬን የሚጠብቁልኝ ሁለት ጄኔራሎች አሉኝ፣ ሃዞና ታዞ። ጫካና ንዳድ ማለት ነው። ታዞ ሥራውን ሠርቷል! ከፈረንሳይ 15,000 ያህል ወታደር ዘምቶ ወደ 6,000 የሚጠጋው አለቀ፤ በጥይት የሞተው እጅግ ጥቂት ነው፣ የቀረው የበሽታ። ያልታደለ ጦር ለመድፍና ለጋሪ የሚሆን መንገድ በረግረግ ውስጥ ሲቆፍር ነው ያለቀው። በመጨረሻ ዱሼን ጋሪውን ትቶ አራት ሺህ ያህል ሰውና በቅሎ መርጦ በሩጫ ወጣ። ንዳድ ደጋ አይወጣም፤ ደጋው ላይ የሚጠብቀው ሰው ነበር፣ ሰው ደግሞ ቀበና እንዳለው ነው።

ዋርካ_ስር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

እሺ፣ ጥያቄዬ በግማሽ ተመለሰ። ግማሹ እዚያው ይቆይ፤ እኔን ይበልጥ የያዘኝ የሴትየዋ ቀሪ ሕይወት ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ከመስከረሙ ሽንፈት በኋላ ወዲያው አላወረዷትም። ባሏን ራይኒላያሪቮኒን ወደ አልጀርስ ሰደዱት፤ በጁላይ 1896 እዚያው ሞተ። እሷ ግን ዙፋን ላይ ተቀመጠች። ፈረንሳይ የንግሥቲቱን ማኅተም ትፈልገው ነበራ። ገጠሩ ግን ተነሣ። አመፀኞቹ ሜናላምባ ተባሉ፤ ጠጅ_ሳር የነገረችን ላምባ ይኸው መጣ፦ ቀይ ነጠላ ለባሾች፣ የአገሩ ቀይ አፈር ልብሳቸውን አቅልሞት። ፈረንሳይን ብቻ አይደለም የጠሉት፤ የንግሥቲቱን ሹማምንትና ቤተ ክርስቲያናቸውንም ያቃጥሉ ነበር። ስለዚህ እሷ በሁለቱም ወገን የተጠረጠረች ነበረች።

በኦገስት 1896 ደሴቱ የፈረንሳይ ግዛት ነው ተባለ። በሴፕቴምበር አዲሱ የፈረንሳይ ገዢ ጄኔራል ጋሊዬኒ ገባ። በኦክቶበር አጎቷን ልዑል ራትሲማማንጋንና የአገር ግዛት ሚኒስትሩን ራይናንድሪያማምፓንድሪን አመፁን አነሳሳችሁ ብሎ በአደባባይ አስረሸናቸው። ፌብሩዋሪ 1897 ሲያልቅ ንግሥናው ተሻረ። እሷንም በሌሊት፣ ከተማው ሳይነቃ፣ ሰው በትከሻው በሚሸከመው ወንበር ላይ አስቀምጠው ወደ ታማታቭ ወደብ አወረዷት። ለምን በሌሊት? ሕዝቡ እንዳያይ። በዚያ ብቻ አላበቃም፤ ጋሊዬኒ በተቀደሰችው በአምቦሂማንጋ ኮረብታ የተቀበሩትን ነገሥታት አስቆፍሮ አፅማቸውን ወደ ዋና ከተማው አስመጣ። ሕያዋኑን ማባረር አልበቃውም።

መጀመሪያ የወሰዷት ሬዩኒዮን ደሴት ነው። አብረዋት ከሄዱት መካከል ገና ልጅ የነበረች የእህቷ ልጅ ነበረች፤ ነፍሰ ጡር ናት፣ አባትየው ፈረንሳዊ ወታደር ነው ይባላል። በደረሱ በጥቂት ቀን ሴት ልጅ ወልዳ ሞተች። ንግሥቲቱ ሕፃኗን ተቀበለች። ማሪ ሉዊዝ ተባለች። አገር፣ ዘውድ፣ ባል፣ አጎት ሄደው የቀረቻት እሷ ናት። ንግሥቲቱ ራሷ እስክትሞት ይህችን ልጅ አሳደገቻት። ማሪ ሉዊዝ ኋላ ነርስ ሆና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላገለገለችው ከፈረንሳይ ኒሻን ተሸልማለች፤ የሞተችው በ1948 ነው።

በ1899 ንግሥቲቱን ወደ አልጀርስ አዛወሯት፤ ቪላ ሰጧት። ለመኖሪያ የሚከፈላት ገንዘብ ከየት ይመጣ ነበር መሰላችሁ? ከማዳጋስካር ቅኝ ግዛት በጀት። የግዞቷን ወጪ የሚከፍለው የራሷ ገበሬ ነበር። በ1901 ፓሪስ እንድትሄድ ፈቀዱላት፤ ሕዝቡ ሊያያት ተጋፋ፣ ጋዜጦች ስለ ልብሷ ጻፉ። ወደ አገሯ ልመለስ ብላ ደጋግማ ጠየቀች። እሱን አልፈቀዱም። ሜይ 23 ቀን 1917 አልጀርስ ውስጥ ሞተች፤ 55 ዓመቷ ነበር። የዘውድ ሕይወቷ 13 ዓመት፣ የግዞቱ 20።

አልጀርስ ደግሞ የነገሥታት ማከማቻ ነበረች እኮ! የቬትናሙ ንጉሠ ነገሥት ሃም ንጊ ከ1889 ጀምሮ እስከ 1944 እዚያው ኖሮ እዚያው ሞተ። የዳሆሜው (የዛሬው ቤኒን) ንጉሥ ቤሃንዚን በ1906 ሕይወቱ ያለፈው እዚያው ነው። ሦስቱን በአንድ ከተማ ሳስባቸው፣ ሁሉም ለአንድ መንግሥት የተሸነፉ፣ ሁሉም በአንድ መንግሥት ጡረታ የሚኖሩ... ተዉት።

ጠጅ_ሳር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡52

ልጅቷን ያሳደገቻት ነገር ሆዴን በላው። ቤይሩት ስንት እንዲህ ያለ ልጅ አይቻለሁ መሰላችሁ፤ አባቱ የማይታወቅ፣ እናቱ የተሸኘች፣ ከጓደኛ ጓደኛ እየተቀባበለ የሚያድግ።

ነፋስ_ስልክ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡08

ከዘውዱ ጊዜ ትንሽ ደስታ አይኖርም? ሁሉም ሐዘን ሆነብኝ።

የድሮ_መምህር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡33

አለ እንጂ። ፋንድሮዋና የሚሉት የዘመን መለወጫ በዓል ነበራቸው። ንጉሥ ከመጋረጃ ኋላ ይታጠብ ነበር፤ ከታጠበበት ውኃ በሕዝቡ ላይ ይረጭ ነበር። በራናቫሎና ዘመን በዓሉ በልደታቸው ቀን ነበር የሚውለው። ጥምቀት የለመደ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳል፤ ልዩነቱ የሚረጨው ውኃ ንግሥቲቱ የታጠቡበት መሆኑ ነው።

ደግሞ ዝም ብለው የተቀመጡ ሴት አልነበሩም። በ1886 ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ በእጅ የተሠራ የሐር ላምባ በስጦታ ልከው ወዳጅነት ፈልገዋል። ክሊቭላንድ ስጦታውን ተቀበለ፤ ርዳታ አልመጣም። ጨርቁ ዛሬም ዋሽንግተን ሙዚየም ውስጥ አለ።

ቀበና_ማዶ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

አፅሟስ? አልጀርስ ቀረ? ልዑል ዓለማየሁን እያሰብኩ ነው። ከመቅደላ በልጅነቱ ተወስዶ በ1879 እንግሊዝ አገር ሞተ፤ ዊንድዘር ተቀበረ። በ2023 እንኳ አፅሙ ይመለስ ሲባል ቤተ መንግሥቱ እምቢ አለ፣ የሌሎችን ዕረፍት ይነካል ብሎ።

ዋርካ_ስር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡19

የሷ በ1938 ተመልሷል፤ ፈረንሳይ ገና ገዢ ሳለች። ሮቫ በሚሉት የቤተ መንግሥት ግቢ፣ በራሶሄሪና መቃብር ውስጥ አሳረፏት። ግን የሴትየዋ ዕጣ አያልቅም፦ በኖቬምበር 1995 ሮቫው በእሳት ተቃጠለ። የነገሥታቱ መቃብሮች ነደዱ። ሰዎች እሳቱ ውስጥ ገብተው የሷን ሬሳ አወጡት፤ አሁን አምቦሂማንጋ ነው ያለችው። ጋሊዬኒ አፅም ያስወጣባት ኮረብታ ላይ።

በ2020 ደግሞ ፈረንሳይ ከንግሥቲቱ የዙፋን ድንኳን ጫፍ ላይ የነበረውን የዘውድ ቅርፅ መለሰች። መለሰች ማለት... አበደረች። ለዘለቄታው የማዳጋስካር ንብረት የማድረጉ ነገር በኋላ ይታያል ተብሎ።

ጨው_በረንዳ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡24

የራስን ዕቃ በውሰት! የመቅደላን ቅርስ መልሱልን ስንል «የረጅም ጊዜ ውሰት ይሻላችኋል» ያሉን ትዝ አለኝ። አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት።

ጠጅ_ሳር
ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ 9፡40

ትናንት ማታ ለጓደኛዬ ድምፅ ላክሁላት። አሁን አገሯ ገብታለች፤ ሞሮንዳቫ ሱቅ አላት። ስለ ንግሥታችሁ ሰው እየተከራከረ ነው፣ አፅሟ ከእሳት ወጥቷል አሉኝ ብዬ ነገርኳት።

ዛሬ መልሷ መጣ፤ እየሳቀች ነው። «አሁንም እሷን ነው የምትጠይቂኝ?» አለች። የነሱ ንጉሥ ቶዌራ ነው። በሞሮንዳቫ አካባቢ ያሉት የሜናቤ ሳካላቫዎች ንጉሥ። በ1897፣ ያቺ ንግሥት በተሰደደችበት ዓመት፣ ፈረንሳዮች ገድለውት ጭንቅላቱን ፓሪስ ወስደው ሙዚየም መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። በ2025 ክረምት ላይ መለሱት። እነሱ የነገሥታቶቻቸውን ቅርስ በጺሪቢሂና ወንዝ የሚያጥቡበት በዓል አላቸው፣ ፊታምፖሃ ይባላል። በደጋዎቹ ፋንድሮዋና ሕያው ይታጠባል፤ በኛ የሞተው ይታጠባል አለችኝ።

ሲገባ ሰው ሁሉ መንገድ ወጥቶ ነበር፤ እሷም ሱቋን ዘግታ ሄዳለች። «ጭንቅላቱ መቶ ሃያ ስምንት ዓመት ብቻውን ነበር» አለች። ቀጥሎ ደንበኛ መጣባትና ስልኩ ተዘጋ።